ግመሉ ቆሞ ደራሲው ያልፋል

«ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ» ይላል ያገራችን ሰው። በእኛ በከሚሴ በኩል ግን ነገሩ ተገልብጧል። ግመሉ ገበያው ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ሳይቆም የሚያልፈው ደራሲው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ መጽሐፍ ይታተምና አዲስ አበባ ላይ ይመረቃል። ከዚያ ደራሲው ሥራውን ለማስተዋወቅ ወደ ደሴ ይነሳል። ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። ምሳውን ይበላል። በመስኮት ግመል ያያል፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ያያል፣ ጥላ ሥር የተጋደመ ውሻ ያያል። «ወይ ጉድ!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ያሰፍርና ጉዞውን ይቀጥላል። ሲመለስ «የመንገድ ትዝብት» ሆኖ ይወጣል። እቤት ትቶት የመጣው ውሻው ናፍቆት ሁለት ገጽ ሲይዝ፣ የከሚሴ ሕዝብ ሁለት መስመር አይሞላም። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እሱ በበላበት አንዲት ቃል አይተነፍስም!

አደራ፣ እንዳይዛባብን። ውሻ መውደዱን አልተቃወምንም። ቻርልስ ዲከንስም ውሻ ወዳድ ነበር። ግን ያው ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 እየታመመ በአሜሪካ ከተሞች ዞሮ፣ 76 ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ ሥራውን በገዛ ድምፁ አንብቧል። ገንዘብም ፈልጎ ነበር፤ ይሁን፣ ቆሞ አንብቧል። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960 ቻርሊ የተባለ ውሻውን መኪና ላይ ጭኖ አገሩን ሲዞር፣ ውሻው ከማያውቀው ሰው ጋር የወግ መጀመሪያ ሆነለት። ውሻው ወደ ሰው አደረሰው እንጂ ከሰው አልከለለውም። የኛ ጠብ ከዚህ ላይ ነው።

እዚሁ ግቢ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ወዳጆቻችን «እዚያ አንባቢ የለም፤ ለማን ብሎ ይቁም?» ይሉናል። እንዴ! ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በዓረብ ፊደል የጻፉት እኮ በዚሁ በወሎ ምድር ነው። መንዙማው ማተሚያ ቤት ሳያይ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሐድራ ወደ ሐድራ ዞሯል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ቤት የገባው ግን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። አንባቢ የለም የሚል ሰው አድማጭን ከሰው አልቆጠረም ማለት ነው።

«ቋንቋውስ?» ይሉናል ደግሞ። የዞናችን ልጆች በኦሮምኛ፣ በቁቤ ይማራሉ። እናቶቻችን ግን ባቲ ገበያ አንዱን ዕቃ በኦሮምኛ ጠርተው ዋጋውን ባማርኛ ይከራከሩበታል። ደራሲው አንድ ገጽ ባማርኛ ቢያነብና አጠገቡ የቆመ የከሚሴ ልጅ በኦሮምኛ ቢመልሰው ምን ይጎድላል? ኦሮምኛ ጸሐፊውም እንዲሁ ደሴ ድረስ ቢሻገርና ባማርኛ ቢመለስለት?

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ስማችን በየዜናው ተጠራ። ያገር ሰው የሚያውቀን በጥይትና በግመል ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ጎረቤቱን በጭምጭምታ የሚያውቅ ሰው ቀን ሲከፋ ለመጠርጠር ይፈጥናል። መጽሐፍ ጥይት አያቆምም፤ ግን አብሮ የሳቀና አብሮ ያለቀሰ አንባቢ፣ ሐሜት ሲነዛበት «ቆይ እስቲ፣ እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» ይላል። እኛ የምንለምነው ይህችን «ቆይ እስቲ» ነው።

ሂስ ካነሳን ግለ ሂሱን አንሸሽም። እኛስ? ለዕረፍት አገር ስንገባ ልብ ወለዱን ሻንጣ ውስጥ ቀብረን፣ የግቢውን ጉድ ስናወራ አይደለም እንዴ የምንከርመው? ለእናቱ አንድ ምዕራፍ ያነበበ ከመካከላችን ስንቱ ነው? እኛም አላፊ ነን። እንዲያውም የኛ ይብሳል፤ ቤታችን እያለ ነው የምናልፈው።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ ይዘን እንግባ። ቡናው ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ጮክ ብለን እናንብብ፤ ያልገባውን በኦሮምኛ እንመልስ፤ ሽማግሌው ሲያርሙን ደግሞ እንጻፈው። ደራሲዎቻችንንም እንጠራለን፤ ምሳ ከሚሴ ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን ንባብ አለ። ውሻ የሚወዱ ካሉም የዋሻውን ወጣቶች ታሪክ ያስታውሱ። አባቶቻችን ከቁርኣን እየጠቀሱ ሲነግሩን፣ ያ ውሻ ጓደኞቹን ትቶ አልሄደም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆየ። እኛም ከደራሲው የምንጠይቀው ከዚህ አይበልጥም፤ ትንሽ ይቆይ።