ትዳርን በስልክ መተግበሪያ መፈለግ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆይ፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ወጣቶች በልባቸው የሚያመላልሱት፣ አፍ አውጥተው ለመጠየቅ ግን የሚያፍሩበት ነው። አንዳንዶች «ዘመኑ ያመጣው ነው» ብለው ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ «የሰይጣን ወጥመድ ነው» ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። ሁለቱም ወጣቱን ከነጭንቀቱ ትተውት ይሄዳሉ።

አስቀድመን ዓላማን እንለይ። መተግበሪያውን የምትከፍቱት ለጊዜያዊ ደስታ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና ምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ሥጋውም የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። እንዲህ ያለውን ክቡር ፍጥረት ለአንድ ሌሊት ፈልጎ በማግሥቱ መርሳት፣ በስልክም ይሁን ያለ ስልክ፣ ዝሙት ነው። ስልኩ ኃጢአቱን አልፈጠረውም፤ መንገዱን ግን አሳጥሮታል፤ ምስክርንም አርቆታል።

ዓላማችሁ ትዳር ከሆነስ? ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን አስተውሉ። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ያገኛት በውኃ ጕድጓድ አጠገብ ነው፤ ጕድጓድ ደግሞ ማንም የሚመጣበት ቦታ ነበር። ጋብቻውን የባረከው ግን ጕድጓዱ አይደለም። ሎሌው አስቀድሞ ጸለየ። ርብቃ መልከ መልካም ብትሆንም የፈተናት በመልኳ ሳይሆን፣ ለእንግዳና ለዐሥር ግመሎች ውኃ በመቅዳት ደግነቷ ነው። የማን ልጅ እንደ ሆነች ጠየቀ። ወደ ቤተሰቧ ገብቶም የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር እህል አልቀመሰም። በመጨረሻም የርብቃ ፈቃድ ተጠየቀ። ከጕድጓዱ እስከ ባቱኤል ቤት ያለው ይህ መንገድ ነው ትውውቁን ትዳር ያደረገው።

እንግዲህ ስልኩን የዘመናችን ጕድጓድ ብንለው እንኳ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ቲንደር የሰውን ፎቶግራፍ በጣት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየገፉ መምረጥን አለማመደ። ዐይን በቅጽበት ይፈርዳል፤ ደግነት ግን በፎቶግራፍ አይታይም። «ነጻ» ቢባልም ከማስታወቂያና ገንዘብ ከሚከፈልባቸው ተጨማሪ አገልግሎቶች ያተርፋል፤ አግብቶ የሚሄድ ሰው ለእርሱ የሄደ ደንበኛ ነው። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድናን ያጣሩ ነበር፤ በክርስትና ልጅነት የሚመጣውንም መንፈሳዊ ዝምድና ይጠይቁ ነበር። መተግበሪያው ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ የንስሐ አባት እንዳለውም አያውቅም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ሰው የተዋወቃችሁ ሁሉ፣ ትውውቁን ፈጥናችሁ ወደ ብርሃን አውጡት። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። የምትገናኙት በቀን፣ ሰው ባለበት፣ የሚያምኑት ወንድም ወይም እኅት እያወቀ ይሁን። ገላችሁን የሚያሳይ ሥዕል አትላኩ፤ ፊቱን በአካል ላላያችሁት ሰውም ገንዘብ አትስጡ። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የት እንደሚቆርብ፣ ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ጠይቁ። በዚህ ጊዜ የሚሸሽ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ነገር ግን ተግሣጹ ለወጣቶች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከደብር ርቆ ብቻውን የሚኖረውን ወንድም፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የዕረፍት ቀኗን የምትናፍቀውን እኅት «ስልካችሁን ዝጉ» ማለት ቀላል ነው። ከዘጉት በኋላ ወዴት ይሂዱ? ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን «ቆሞ ቀር» እያላችሁ ታሳቅቋታላችሁን? ወይስ ስለ እርሷ ትጸልያላችሁ፣ መልካም ሰውም ትጠቁሟታላችሁ? እኛስ በሰንበት ትምህርት ቤት ያለን፣ ወንዶችና ሴቶች በጨዋነት አብረው የሚያገለግሉበትንና ጠባያቸው በሥራ የሚታይበትን ጉባኤ አስፍተናልን? ስለ ጋብቻ የምናስተምረው የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ከሆነ ዘግይተናል። የባቱኤል ቤት በር ተዘግቶ ሳለ፣ ወጣቱ በጕድጓዱ ዳር አደረ ብለን ልንፈርድበት አይገባንም።

ልጆቻችን ሆይ፣ መዘግየት መረሳት አይደለም። ብቸኝነታችሁን ለማያውቃችሁ መስታወት ከማሳየታችሁ በፊት ለሚያውቃችሁ አምላክ ንገሩት፤ ለምታምኗቸው ሰዎችም አትደብቁት። የአብርሃምን ሎሌ መንገድ ያቀና እግዚአብሔር የእናንተንም መንገድ ያቅናላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።