ለልጅሽ የላክሽው ስልክ

እህቴ፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ በኮሮና የተነሣ የሳዑዲ ተማሪዎች «መድረሰቲ» በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ከቤት ሆነው መማር ሲጀምሩ፣ በጅዳም በመካም ስንቶቻችን ነን ሕፃኑን ቀስቅሰን ታብሌቱ ፊት ያስቀመጥነው! አጠገቡ ሰው ከሌለ ወደ ጨዋታ ነው የሚሄደው። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የገባው የፕላዝማ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሮጥ ነበር፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማም።

አንቺም ለልጅሽ ስልክ ከላክሽ ጠያቂ ሁኚው። የዕለቱን ትምህርት በድምፅ መልእክት ያስረዳሽ፤ ሥራሽን ጨርሰሽ ማታ ታዳምጪዋለሽ። ሒሳቡን ባታውቂው እንኳ መንተባተቡ ያስታውቃል። የጎረቤት ልጆችም ይጠሩ፤ ስልኩ አንድ ቢሆንም አንዱ ሲያስረዳ ሌሎቹ ያርሙታል።