ጦቢያን በዘጌ ቡና ጥላ ሥር

በባሕር ዳር መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ስለ ክርስቲያናዊ የታሪክና የፍቅር ልብ ወለድ ጭውውት በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው፣ «ፍቅሩ ንጹሕ፣ ጋብቻው ቅዱስ፣ ፍጻሜው ያማረ ነው፤ ለወጣቱ ከዚህ የተሻለ ምን ንባብ አለ?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «የገዥው መደብ ሕልም ነውና ከመደርደሪያው ይውረድ» ሲል ይፈርዳል። በበኩሌ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ያኛው ሳያነብ ይሳለመዋል፤ ይኸኛው ሳያነብ ይወረውረዋል።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት በአማርኛ የተጀመረው ከዚሁ ከጣና ዳር በተወለዱ ሰው ብዕር ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙትና ኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረመኔ ጦር ድል ሆኖ ይማረካል፤ ደግ ነጋዴ ወጆውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ሊመልስ ከቤት ወጥቶ ሳለ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ተነድፎ ይጠመቃል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል፤ ሠርግ ይሆናል።

የቋንቋውን ውበት የሚክድ ሰው ጆሮ የለውም። ከእርሳቸው በፊት የአማርኛ ስድ ንባብ እንዲህ ሲፈስ፣ እንዲህ ሲያለቅስና ሲያሾፍ አልታየም። ይሁን እንጂ «ታሪክ» የሚለው ቃል በሽፋኑ ላይ ከተጻፈ፣ የታሪክ ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል። ዘመኑ መቼ ነው? ንጉሡ ማን ነው? ደራሲው ይህን አልነገሩንም። ዘመን የሌለው ታሪክ ደግሞ ለማንም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዋሕድ የሚሸጥበት ምዕራፍ ነው። አንባቢው እንዲያለቅስ ተደርጎ ተጽፏል፤ እኔም በወጣትነቴ አልቅሼበታለሁ። ለመሆኑ ያለቀስነው ለማን ነው? ባርነት ግፍ የሆነው የጨዋ ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ ስለወደቀበት ነው። ደራሲው በተወለዱባት በዘጌ ግን የቡናውን አረም የሚነቅሉት፣ ፍሬውን የሚለቅሙት አብዛኛውን ጊዜ ባሮች ነበሩ። የቡናው ባለቤቶችም፣ ካህናት ጭምር፣ እስከ 1920ዎቹ ድረስ በዚሁ ጉልበት ይኖሩ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን የቡና ጥላ ውበት የምናደንቅ ሁሉ፣ ለእነዚያ ለቃሚዎች ልብ ወለድ እንዳልተጻፈላቸው ልብ አንለውም። የዋሕድ ወጆ ተቆጥሯል፤ የእነርሱን ማን ቆጠረው?

በገዳማቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው የቆየውን ሕግ ያውቃል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ኃጥእ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አፈወርቅ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በብዕራቸው ግን ይህንኑ የደብር ሕግ ጠብቀዋል። አረመኔው ንጉሥ ሁለተኛ ዓይኑን የሚያገኘው ሲጠመቅ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በሐይቁ ዳር ግን የደንገል ታንኳ እየሠራ የኖረውን፣ እስላም ነኝ እያለም በጎረቤቱ ዘንድ እንደ ርኩስ የተቆጠረውን የወይጦን ሕዝብ እናውቃለን። ለእርሱ ሁለተኛውን ዓይን የነሣው ሠዓሊ ብቻ አይደለም፤ አብሮ ከመብላት የተጸየፈው ማዕድም ጭምር ነው።

ለፍጻሜው ጣፋጭነት ለሚሟገቱት ወገኖች አንድ ነገር ላቅርብ። ከ«ጦቢያ» ጎን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አኑሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ከዚሁ ከጎጃም ምድር የበቀለ ነው። በ«ጦቢያ» በሁለቱ ልቦች መካከል የቆመው ግድግዳ ሃይማኖት ነው፤ በጥምቀት ይፈርሳል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ግን ሁለቱም የተጠመቁ ናቸው፤ እርሱ እንዲያውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደገው ነው። ታዲያ ግድግዳው ለምን አልፈረሰም? የፊታውራሪ መሸሻ አጥንት ቆጠራ በጸበል የሚታጠብ ስላልሆነ ነው። አፈወርቅ በሠርግ የሸፈኑትን ቁስል ሐዲስ ገለጡት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ። «ደራሲው ለወራሪ ያደሩ ናቸው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በአድዋ ጦርነት ዘመን ከጣሊያን ጎን ቆመዋል፤ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላም «አፈ ቄሣር» ተብለው አገልግለዋል። ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉትን ውዳሴም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በዘመኑ ነቅፎታል። እንግዲህ የሚበጀው የገብረ ሕይወት መንገድ ነው፤ አንብቦ መንቀፍ። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ብታወርዱት ወጣቱ ያንኑ ተረት ከሌላ፣ ቋንቋው ከደኸየ መጽሐፍ ያነበዋል፤ የሚነቅፍበትንም ዓይን አያገኝም። ደግሞስ አንድ ሰው አገሩን በስሟ ጠርቶ ጀግና ሴት አድርጎ ከሣለ በኋላ ለቄሣር እንዴት እንዳደረ መመርመር ለተውኔት ጸሐፊ ምን ያህል ሀብት ነው! እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጥዬዋለሁ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ውሰዷቸው። የዋሕድን መሸጥ የሚናገረውን ገጽ እዚያው ቡናው ሥር ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ልጅ ምረጡ። ንባቡ ሲያልቅ መጽሐፉን አጥፉና፣ ይህን ቡና ማን ይለቅመው እንደነበር ጠይቋቸው።