«እኛ ዘንድ የለም»

ባለፈው የወጣቶች ጥናት ላይ የእንግሊዝ ነገር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የታችኛው ምክር ቤታቸው፣ ሊሞት የተቃረበ ሕመምተኛ በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅደውን ረቂቅ 330 ለ 275 በሆነ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አሳለፈ። አብዛኛው ሕዝባቸውም ይደግፈዋል። «ሚሲዮናውያን የላከች አገር!» ብለን ከንፈር መጠጥን። «ደግነቱ እኛ ዘንድ የለም» ብለን ተበተንን።

እውነት ነው፣ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲገድል የሚረዳውን ይቀጣል። እኔም ሕይወት የሰጪው ናት ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ግን ወገኖቼ፣ እዚሁ ደምበጫ ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ ቆስሎ «ጌታ ሆይ ውሰደኝ» የምትል እናት አለች። ለካንሰር ሥቃይ የሚዋጥ ሞርፊን አለ፤ ከትልቅ ከተማ ርቆ ማግኘቱ ግን መከራ ነው። ሕመምተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስታምመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያለው አዲስ አበባ ነው። እኛስ? አሥር ደቂቃ ጸልየን፣ ቡናዋን ጠጥተን እንወጣለን (እኔም አለሁበት)። ሌሊት የምታገላብጣት ልጇ ብቻዋን ናት። የሚያግዟት ደግሞ የእኛ እምነት ተከታይ ያልሆኑት ጎረቤቶቿ ናቸው።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው።

ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ እሷ ዘንድ ማን ያድራል? መመዝገቢያው ደብተር እኔ ጋ ነው።