በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ሥራዋ የት ገባ?

በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ልብ ብላችሁ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? የአብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት ነው። መቼና የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ፣ የት የት እንደሠራ ይዘረዘራል። በመጨረሻ ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ማረፉ ይነገራል። አካል ጉዳት የነበረበት ሰው ሲሆን ግን ወረቀቱ ይበልጥ ያጥራል። ከልደቱ ቀጥሎ ጉዳቱ ይመጣል፣ ከጉዳቱ ቀጥሎ የሚነበበው ሞቱ ነው። በመካከሉ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት «በቤተሰብ እንክብካቤ ሲኖር ቆይቶ» በምትል አንዲት ሐረግ ይታለፋል።

በዚህ ወር ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ሐረግ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ሰው ልጀምር። አበበ ቢቂላ ሲባል በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ወይም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ካሸነፈ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ይሆናል። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳት መኪና ተገለበጠችና እግሮቹ ከዚያ ወዲያ አልታዘዙለትም። አብዛኞቻችን ታሪኩን የምንዘጋው እዚህ ላይ ነው።

አበበ ግን ከአደጋው በኋላ አራት ዓመት ከሰባት ወር ኖሯል። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ ለተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጠርቶ ሄደና ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ነው። ልጁ ጽጌ አበበ የአባቷን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፋዋለች። እኛ ግን ዛሬም ለልጆቻችን የምንነግራቸው እስከ መኪናው ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ዓለም ያወቀው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሐሙሲት ላይ ኖራ ያለፈች ዓይነ ስውር አክስትስ?

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ሳትደርሱ የምታገኟት የደራ ወረዳ ከተማ ናት። እኛ ልጆቹ «እቴቴ» የምንላት የአባቴ እህት እዚያ ኖራ እዚያው ተቀብራለች። ዓይኗን ያጠፋባት ትራኮማ ነው። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ሽፋን ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቀዋል። በዚያው ከቀጠለ የዓይኑ ፊት ጠባሳ ይለብስና ብርሃን ማስገባት ያቆማል። ከዚያ በኋላ የጠፋው አይመለስም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚጎዳው፣ በሽታውን የሚያዛምቱትን ትንንሽ ሕፃናት ታቅፈውና አዝለው የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ነው። በአገራችን ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። በየገጠሩ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት ለመንቀል ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ እናቶችን ያያችሁ ታውቃላችሁ። እቴቴም ወረንጦዋን ማየት ካቆመች በኋላ እንኳ ከማተቧ አላወለቀችም።

ታዲያ እቴቴ ምን ሠራች? ፈተለች። ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ እንዝርቷን ታሾራለች። ለነጠላ የሚሆነውን ቀጭን ክርና ለጋቢ የሚሆነውን ወፍራሙን በጣቶቿ ትለያለች። ልቃቂቷን ሸማኔው ቤቷ ድረስ መጥቶ ይወስድ ነበር። እኔ በግብይት ሙያ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ደንበኛ ሳይጠሩት ደጅ ድረስ የሚመጣለት አቅራቢ ብዙ አላጋጠመኝም። የገንዘቡን ኖት በመጠኑ እየለካች ትቆጥራለች፣ ዱቤ የወሰደውን ሰው ስምና ቀን በቃሏ ትይዛለች። መስከረም ሲጠባ የኛ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ከመቀነቷ በሚፈታ ብር ነበር።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ቤተሰቡ በፎቶዋ ሥር የሚታተም አጭር የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት ተነጋገረ። የአጎቴ ልጅ ረቂቁን ጽፎ በቴሌግራም ለሁላችንም ላከው። እንዲህ ይላል፦ «የዓይን ብርሃኗን ካጣች ጊዜ ጀምሮ በወንድሟ ቤት እየተጦረች ኖራለች።» በማግስቱ ረቂቁ ጎረቤቷ ለሆኑ አንዲት አሮጊት ሲነበብላቸው ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ማን ማንን ጦረ?»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ከፋው። «እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ውኃ አሙቃ እግሯን ያጠበችው፣ ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዛ ያደረሰችው ምን ሊባል ነው?» አለ። እውነቱን ነው። ይህን የሚክድ የለም። አባቴ በበኩሉ «እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ይህን ሳትጽፉ የኔን ስም ከሥር አታስገቡ» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ስልክ ሲደዋወሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ ያስታረቃቸው ሁለቱንም መጻፍ ነው። የታተመው እንዲህ ይላል፦ «ጥጥ ፈትላ በምታገኘው ገቢ የወንድሞቿን ልጆች አስተምራለች፤ የወንድሟ ባለቤትም እስከ ዕለተ ሞቷ እንደ እህት ተንከባክባታለች።» አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ሰው ይረዳል፣ ይረዳዳልም። ዓይኑ የሚያየውም ቢሆን እንዲሁ ነው።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 8 ላይ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ያለውን ግንዛቤ የማሳደግ ሥራ ቤተሰብንም እንዲጨምር ይጠይቃል። እኔ ይህ ከአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ሊጀምር ይችላል እላለሁ። እናንተም ይህን ወረቀት መጻፍ ከደረሰባችሁ ጥቂት ነገሮችን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የቤት ሰው ብቻ አትጠይቁ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የደከመበትን ነው። ጎረቤቱን፣ ደንበኛውን፣ የማኅበር ጓደኛውን፣ አብሮት የተጫወተውን ልጅ ጠይቁ። ስለ እቴቴ ሸማኔው የሚያውቀውን ከእኛ ማንም አያውቀውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዳቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ ጠይቁ። ምን ይወድ ነበር? በምን ይስቃል? ከማን ጋር ይጣላ ነበር? አዎ፣ ጠቡንም ጨምሩ። አካል ጉዳተኛ የነበረውን ሁሉ መልአክ ማድረግ ሌላው የመርሳት መንገድ ነው። እቴቴ ክሯን በርካሽ ሊወስድባት የመጣን ሰው በቁጣ ከደጇ ትመልስ ነበር። ያን ስንሰማ ሁላችንም «እሷ ናት!» ብለን ሳቅን።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱን አትደብቁት። «ዕውሯ» ከማለት «ዓይነ ስውር» ማለት ይሻላል፤ ጨርሶ ዝም ማለት ግን ክብር አይደለም። ትራኮማ ዓይኗን እንዳጠፋው መጻፋችን ለልጅ ልጆቹ ጠቅሟል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ በዘመቻ የሚታደለውን መድኃኒት መውሰድና የተቀለበሰን ሽፋሽፍት በጊዜ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ዓይንን እንደሚያተርፍ አሁን በእሷ ስም ይነገራቸዋል።

አራተኛ፣ ፎቶውን አስቡበት። ብዙ ቤት አካል ጉዳት ያለበት ሰው በሠርግ ፎቶ ላይ ከዳር ይቆማል ወይም ጭራሹን የለም። ክራንቹን ወይም ወንበሩን ከፎቶው መቁረጥም አያስፈልግም። የእቴቴ ፎቶ የተነሣው እንዝርቷ በእጇ እንዳለ ነው፤ እኛም እንዳለ አሳተምነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ደግሞ ለቅሶ መጠበቅ የለብንም። በየቤታችን ጓዳ ተቀምጠው ማንም ታሪካቸውን ያልጠየቃቸው ብዙ ናቸው። በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትሄዱ ሰላምታና ስጦታ ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ቡናው እስኪፈላ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱና አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፦ «በሕይወትሽ የሠራሽው ምንድን ነው? ለማንስ ሠራሽ?» መልሱ ከጠበቃችሁት ይረዝማልና ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ።