ቢ ያመጣች ነርስ አትሆንም ያለው ማነው?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት «ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው» ስንል የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ታዲያ ነርሲንግ ለምን አትገቡም?» ምክሩን አንጠላውም። የምንጠላው ከምክሩ በኋላ የሚመጣውን ነው። ምክሩን የሰማች ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባ አናቶሚ ላይ ቢ፣ ኬሚስትሪ ላይ ሲ ያመጣች ዕለት ያው መካሪ ዞሮ «በዚህ ውጤት ማን ይቀበልሻል? በቃ ሌላ ነገር ሞክሪ» ይላታል። ዛሬ የምንሟገተው ይኼንን «በቃ» ነው።

እስቲ ውጤቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ልጅቷ ሲኤንኤ ነች፤ ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሽተኛ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታለብስ ታድራለች። ጠዋት በአውቶቡስ ላብራቶሪ ትደርሳለች። ወር በገባ ቁጥር አገር ቤት የምትልከው አለ። የአጥንቱንና የነርቩን የላቲን ስም የምትሸመድደው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። እናቱ ቤት እየበላ ኤ ያመጣው ልጅ ጎበዝ ነው፤ አንክድም። ግን ሁለቱ ወረቀቶች የሚለኩት አንድ ነገር ነው ያለው ማነው?

«የመድኃኒት መጠን ማስላት የማትችል ነርስ እጅ ልንወድቅ ነው ወይ?» የሚለን አይጠፋም። የለም፣ እሷንስ እኛም እንፈራለን። ዝቅተኛው መስፈርት ይኑር። ጸባችን በወረቀት ላይ «3.0 ይበቃል» ተብሎ፣ በተግባር ግን ወደ 4.0 የተጠጋ ብቻ ሲገባ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ወንበር ስለሌለ ነዋ! የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እንዳስታወቀው በ2023 በባችለርና ከዚያ በላይ ባሉ ፕሮግራሞች ብቻ 65,766 ብቁ ማመልከቻዎች ተመልሰዋል። (ማመልከቻ ነው ያልነው፤ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ሊያመለክት ይችላል።) ማኅበሩ ራሱ የሚጠቅሰው ምክንያት የመምህራን፣ የልምምድ ሆስፒታልና የበጀት እጥረት ነው። መምህር ባለመቀጠሩ የተዘጋን በር በልጅቷ ቢ ማሳበብ ምን ይሉታል?

ደግሞስ ፈቃድ የሚሰጠው ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያቀርባል፤ ውጤቱ አልፈሻል ወይም ወድቀሻል ነው። አናቶሚ ስንት አመጣሽ ብሎ አይጠይቅም።

ይኼ «በቃ» ተስፋ ያስቆረጣትን ልጅ ደግሞ የሚጠብቃት ሌላ በር አለ፤ «ውጤት አያስፈልግም፣ ገንዘብሽን ብቻ አምጪ» የሚል። በጥር 2023 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይፋ ባደረገው ክስ፣ ፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ሸጠዋል። የገዙትን አንከላከልም። በሽተኛው ምን በደለ?

ቀናው መንገድ ግን አለ፤ ሰልቺ ስለሆነ ነው የማይወራው። ኮርስ ሲደገም አንዱ ትምህርት ቤት የተሻለውን ውጤት ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን ያማክላል፣ ሌላው ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ በሩን ይዘጋል። አምስት ወይም ሰባት ዓመት ያለፈውን የሳይንስ ኮርስ የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ ለመድገም ከመክፈሏ በፊት የምታመለክትበትን ትጠይቅ። ከውጤት ሌላ የሥራ ልምድና ቋንቋ የሚመዝኑ አሉ። ኤልፒኤን ሆኖ እየሠሩ ወደ አርኤን የሚሻገሩበትም ድልድይ አለ፤ ይረዝማል እንጂ ያደርሳል።

ኮሌጆቹን የምንጠይቀው ባለፈው ዓመት የገባው የመጨረሻው ተማሪ ጂፒኤ ስንት እንደነበር በግልጽ እንዲጽፉና የነርሲንግ ሆም ሌሊቶችን እንደ ነጥብ እንዲቆጥሩ ነው። መካሪዎቻችንን ደግሞ፣ ልጅቷ ማይክሮባዮሎጂ በምትፈተንበት ሳምንት ቢያንስ አንድ የሌሊት ሽፍት ይሸፍኑላት።