የነዳጅ ዋጋ ንረትና የአስቸኳይ ብድር ጉዳይ

የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ቀድሞ የሚጎዳው ከወፍጮ ቤት እስከ ዶሮ ርቢ የተሰማራው አነስተኛ አምራች መሆኑ የታወቀ ነው። ትልቁ ድርጅት የሚያስፈልገውን ነዳጅ አስቀድሞ በውል ሊገዛ ይችላል፤ አነስተኛው ግን የዕለቱን በዕለቱ ዋጋ ይገዛል። ለእንዲህ ዓይነቱ አምራች መንግሥት አስቸኳይ ብድር ሊሰጥ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። የክርክሩ ሂደት በገበሬ ማኅበራት መሪዎች ዘንድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚያ አገር በተለመደው መለኪያ ከ3 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው የተፈጥሮ ጋዝ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 10 ዶላር ተጠጋ። ወቅቱ የብርድ ወራት ነበር። ጫጩት የሚያሳድገው ገበሬ ቤቱን በጋዝ ካላሞቀ ጫጩቶቹ ይሞቱበታል፤ በመስተዋት ቤት አበባና ችግኝ የሚያለማውም ችግሩ ያው ነው። ማሞቂያውን አጥፍቶ ዋጋው እስኪወርድ መጠበቅ አይቻልም።

የነበረው ሕግ ለዚህ መፍትሔ አልነበረውም። በ1953 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር አደጋ ለደረሰባቸው ነጋዴዎች ቢያበድርም እርሻን አይጨምርም። የእርሻ ሚኒስቴር በበኩሉ እስከ 500,000 ዶላር አስቸኳይ ብድር ይሰጥ የነበረው ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም ሌላ የተፈጥሮ አደጋ መድረሱ በይፋ ሲታወጅና ገበሬው ቢያንስ 30 በመቶ የምርት ጉዳት ሲደርስበት ነበር። ዋጋ የጎዳው ገበሬ ግን ሰብሉ በማሳው ላይ፣ ዶሮውም በቤቱ ውስጥ ስለሚታይ ተጎዳ የሚለው አላገኘም። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኬሪ ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ የማሞቂያ ናፍታ፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ የፕሮፔንና የነጭ ጋዝ ዋጋ ከመጠን በላይ መናር እንደ አደጋ ተቆጥሮ ብድር እንዲያሰጥ የሚጠይቅ ነበር። ሴኔቱ በመጋቢት 2001 እ.ኤ.አ. ቢቀበለውም ሕግ ሆኖ አልወጣም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የጋዙ ዋጋ ተመልሶ ከ3 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ዕዳ የገባው ግን ዕዳው እንደ ጋዙ አልወረደለትም።

እዚህ ላይ ብድር ድጎማ አለመሆኑ ሊጤን ይገባል። ዘር የተገዛበት ብድር በመኸር ምርት ሆኖ ይመለሳል። ለማሞቂያ የተከፈለው ብድር ግን ተቃጥሎ አልቋል፤ ዶሮውም በድሮው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ብድሩ የሚጠቅመው ንረቱ አላፊ፣ የመክፈያው ጊዜም ረጅም ሲሆን ብቻ ነው። ንረቱ የማይመለስ ከሆነ ብድሩ ኪሳራውን ወደሚቀጥለው ዓመት ከማሻገር አያልፍም።

ነገሩ ከኢትዮጵያ ገበሬ የራቀ አይደለም። ዩሪያ ማዳበሪያ በብዛት የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በዚያ የብርድ ወቅት አንዳንድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጋዙ ስለተወደደባቸው ምርት አቁመው ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ማዳበሪያዋን ከውጭ ትገዛለች። ከ1980ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ጀምሮ የክልል መንግሥታት ዋስ እየሆኑ ባንክ ለማዳበሪያ ብድር ሲሰጥ፣ ዕዳው ይሰበሰብ የነበረው ሰብሉ ከአውድማ እንደተነሣ ነው። ይህ ጊዜ ሁሉም የሚሸጥበት፣ ዋጋው የሚረክስበት ወቅት ነው። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው በብር እንደተቆረጠ ስለቀረ ገበሬው ለአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ከወትሮው ብዙ እጥፍ በቆሎ መሸጥ ግድ ሆነበት፤ ለዕዳው ከብት የሸጠም ነበር። በተከታዩ የዘር ወቅት ብዙዎች የማዳበሪያ አጠቃቀማቸውን ቀነሱ፤ ዝናቡም በዚያው ዓመት አጠረ።

የብድር ውል ለአባላት በሚቀርብበት ጊዜ የማኅበሩ መሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ወለዱ ስንት ነው ተብሎ ነው። የሚከፈለው በየትኛው ወር ነው ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ ጥር ላይ የሚከፈልና ሰኔ ላይ የሚከፈል ዕዳ ግን በኩንታል ሲሰላ እኩል አይደለም።